ለፍሬዘር ያፈሰስነው ገረጋንቲ

ወርቃ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለደግነት፣ ናይሮቢ።

ጌታ በሄድክበት ሁሉ ይቅደምልህ፣ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። እኔም፣ ባለቤቴ ዘነበም፣ ጎረቤቱም፣ ላሟም ሳትቀር ሁላችንም ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ ቶሎ ገብቶ ቡናው አበባውን አራግፎ ፍሬ መያዝ ጀምሯል። ስልክ ስለማታነሳልኝ ነው ወረቀት የያዝኩት። ተሻለ ሹፌሩ ሞያሌ ድረስ እወስደዋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ለናይሮቢ አውቶቡስ እሰጥልሻለሁ ብሎኛል። ስልኬን የማታነሳበትን ምክንያት አላጣሁትም። ዛሬ ግን ስለዚያ አይደለም፤ ስለ ልጄ ነው።

ፍሬዘር አንተ መካኒክ በሆንክበት ኩባንያ ፓይለት ሆኖ ከተቀጠረ ወዲህ፣ አንድ ቀን ወርቃ ላይ ሲያርፍ አሳየኝ እያልኩ ስጸልይ ነበር። ተሰማልኝ። ኩባንያችሁ ለአንድ የሕክምና ቡድን አውሮፕላን አከራይቶ የዓይንና የሴቶች ሐኪም በየወሩ ሊመጣልን ነው ተባለ። ከቤተ ክርስቲያናችን በላይ ያለው ሜዳ፣ ያ እናንተ ኳስ ስትጫወቱበት የነበረው፣ ለማረፊያ ተለካ። የመጀመሪያው የሚያርፈውም ልጄ እንዲሆን ተወሰነ።

ታዲያ ዝናቡ ጥሎ ጥሎ ሜዳውን ጭቃ አደረገው። እኔ ልጄን በጭቃ ልቀበለው? ሰርግ ያለበት ቤት ደጃፉ ላይ ገረጋንቲ እንደሚያፈስ አንተም አልረሳኸውም መቼም። የሴቶች ኅብረታችንን አስነሳሁ፣ ቀበሌውን ለመንኩ፣ ቀይ ገረጋንቲ በመኪና መጣልን። መኪናው ዳር ዳሩን ዘረገፈው፤ እኛ ደግሞ በቅርጫት እየተሸከምን መሀሉን በትነን በጥርሳሙ ሬክ ደለደልነው። ቆንጅትን ታስታውሳታለህ፣ የኅብረታችን ሰብሳቢ ናት፤ እሷ እንኳ ከወንበሯ ተነስታ ተሸከመች። ሲያልቅ ከጉብታው ላይ ሆነን አየነው። ለሙሽራ የተነጠፈ ነው የሚመስለው አለ ዘነበ።

ልጄ አረፈ። ሕዝቡ እልል አለ። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ገና ስለቀው እሱ ዞሮ አውሮፕላኗን ነው የሚያየው። ጎንበስ ብሎ ሆዷን አየ፣ ሄዶ ጅራቷን ዳበሰ። ምነው ልጄ ስለው ምንም አይደለም እማዬ አለኝ። ምሳ እንኳ በወጉ አልበላም። ከአዲስ አበባ መካኒክ ተጠርቶ መጥቶ የሆነ ነገር ሞርዶ ሞርዶ ነው ያስነሳት።

አሁን ደግሞ ደውሎ ከበረራ ታግጃለሁ አለኝ። አውሮፕላኗ ናይሮቢ ስትገባ የመረመርካት አንተ፣ ጥፋቱ የፓይለቱ ነው ብለህ የጻፍከው አንተ። የገዛ ሥጋህን። ሌላ ሰው ቢያደርገው አለቅስ ነበር፤ አንተ ስላደረግከው ግን ተናደድኩ እንጂ አላለቀስኩም። ቂምህ ከእኔ ጋር ከሆነ ከእኔ ጋር ጨርሰው። ልጄ እዚያ አገር ከአንተ ሌላ ማንም የለውም። ያን ወረቀት ቀድደህ ሌላ ጻፍለት። ሌላ ምንም አልለምንህም።

የአጎትህ ልጅ
አልጣሽ


ናይሮቢ፣ ግንቦት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ አልጣሽ፣ ወርቃ።

ለእርስዎና ለአቶ ዘነበ ጤና እመኛለሁ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በስልክ እርስዎ ሲናገሩ የሌላ ሰው ተራ አይደርስም፤ በወረቀት ግን የጀመርኩትን መጨረስ እችላለሁ።

ጥፋቱ የፓይለቱ ነው ብዬ ከራሴ አልጻፍኩም። ልጅዎ የተናገረውን ነው ያሰፈርኩት። ሊነሳ ሲል ፍሬን ይዞ ቆሞ ሞተሩን በሙሉ ጉልበት አስጮህኩት፣ ስለቱ ሲጎዳ አጥፍቼ መካኒክ አስጠራሁ ብሎ ፈርሟል። ይህ ድንጋይ ባለበት ሜዳ ክልክል ነው። ፕሮፔለር አውሮፕላኑ ቆሞ ሲሽከረከር ከሥሩ ያለውን ጠጠር ወደ ላይ ይስበዋል፤ ስቦም በራሱ ስለት ይመታዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ፣ ከዚያ እየሄዱ ጉልበት መጨመር ነው ደንቡ። ይህን ለፍሬዘር ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ በሁለት ዓመት አንድ ቀን ሲስት አላየሁትም። ስለት ላይ የቀረች ትንሽ ጉድፍ ካልተሞረደች ስንጥቅ ትሆናለች። ስንጥቁ ሰማይ ላይ ሲለቅ ወንበሩ ላይ የሚገኘው የእርስዎ ልጅ ነው። እኔ በዚህ ሥራ የሰው ፊት አላይም፤ የማየው ብረቱን ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። በደብዳቤዎ ገረጋንቲ አፈሰስን ብለዋል። ልጅዎ ለኩባንያው በሰጠው ቃል ላይ ገረጋንቲ የሚል የለም፤ ሜዳው እንደተለካው ሣርና አፈር ነበር ነው ያለው። እኔ ከጅራቷ ሥር ያወጣሁት ጠጠር ቀይ ነው። የዚያ ሜዳ አፈር ጥቁር መሆኑን ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ ይመሰክራል። ካፈሰሳችሁት ትንሽ በዕቃ አድርገው በተሻለ እጅ ይላኩልኝ።

ስለ ሥጋም አንስተዋል። በዚህ ጉዳይ ከእርስዎ ጋር አልነጋገርም። እናቴ ሞታ መቀበሯን የነገረኝ ጭነት ያመጣ ሹፌር ነው።

ደግነት


ወርቃ፣ ሰኔ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ለአቶ ደግነት።

ሰላምታዬ ከክረምቱ ብርድ ጋር ይድረስዎ። እንዲህ ነው የምትፈልገው? እኔን አንቱ ትለኛለህ? በጀርባዬ አዝዬህ ጪጩ ገበያ የወሰድኩህን፣ አፍንጫህን በነጠላዬ የጠረግኩህን? ደብዳቤህን ለዘነበ ሳነብለት፣ ይሄ ለወረዳ የተጻፈ ነው ወይስ ለአንቺ አለኝ። ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

ስለ አክስቴ ስለ ሸዋአለም አንስተሃልና እኔም ልናገር። ያኔ ወረርሽኙ የገባበት ጊዜ ነው። አፈር ያለበስናት በጥቂት ሰው ነው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አንተ አታውቅም? ሳይነጋ ተሂዶ፣ አብሮ የሚያለቅስ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፈው በግራ በቀኝ ቆሞለት ነው። አንተ እዚያ ማን አለህ? በስልክ ነግሬህ መንገድ ላይ ብትወድቅ ማን ያነሳሃል? ፓስተር ጎሹ ለጉባኤ ናይሮቢ ይሄድ ነበርና እሱ ይንገርህ ብለን ቀጠርን። ድንበሩ ከጭነት መኪና በቀር ለሰው ተዘጋ፣ ጉዞው ተሰረዘ። ይከፈታል ይከፈታል ስንል ያኔ እስከ ናይሮቢ ይጭን የነበረው ተሻለ የሰማህ መስሎት እግዜር ያጽናህ አለህ። የእኔ ጥፋት ይሄ ነው። ስለ አንተ መፍራቴ።

አሁን ወደ ልጄ። ድንጋዩን ላኪ አልከኝ። ለምን እንደፈለግከው አላውቅም ብለህ ነው? ወርቃ ሜዳ ድንጋይ አለው ብለህ ልታዘጋው። እዚህ የዓይን ሐኪሙን የሚጠብቁ ሽማግሌዎች ስማቸውን አስመዝግበው ጨርሰዋል። ቆንጅት ባየችኝ ቁጥር፣ አልጣሽ፣ የልጅሽ አውሮፕላን መንገድ ጠፋት እንዴ ትለኛለች። ሐምሌ ላይ መኪናው ዳገቱን እንደማይወጣው ታውቃለህ። አንተ በአንድ ልጅ ሥራ ላይ የመላውን ሰው ተስፋ ልትጨምርበት ነው።

ደግሞ እኔም የምጠይቅህ አለኝ። ፍሬዘር ድሮ ሲያወራኝ እንዲህ ላለው ሜዳ የሚወጡ አውሮፕላኖች መከላከያ አላቸው ብሎኛል። ከጎማው ኋላ እንደ ምላስ የተንጠለጠለ ላስቲክ ይደረግለታል፣ የፊት ጎማው ላይ ድንጋይ የሚመልስ ብረት ይታሰራል፣ የጅራቱ ግንባር ላይ ወፍራም ፕላስተር ይለጠፋል ብሎኛል። አዳምጬዋለሁ፤ እኔ ያልተማርኩ ብሆንም ልጄ ሲያወራ አንድ ቃል አይወድቅብኝም። ይህን ሁሉ ማሰር የማን ሥራ ነው? የመካኒኩ። ታዲያ አንተ ያሰርከው ካለ ድንጋዩ ጅራቷን ከየት አገኘው? የራስህን ጉድለት በልጄ ላይ ጭነህ እንደሆነ ማን ያውቃል።

ድንጋይ አልክልህም። ከእኔ እጅ በልጄ ላይ የሚወረወር ድንጋይ አይወጣም። ከፈለግክ መጥተህ ውሰድ፤ ለእናትህ ለቅሶ ያልመጣህ ለድንጋይ ትመጣ እንደሆነ እናያለን።

አልጣሽ


ናይሮቢ፣ መስከረም 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአልጣሽ።

መልሴ የዘገየው ስለታመምኩ አይደለም። ደብዳቤሽን ባነበብኩ ቁጥር የምጽፈው ነገር የማይላክ እየሆነብኝ ነው። አንቱታውን ካልፈለግሽው እነሆ ተውኩት።

መከላከያው ታስሮ ነበር። ላስቲኩን ያሰርኩት በእጄ ነው፤ ተቀድዶ መጣ። የጅራቱ ፕላስተር ተልጦ መጣ። የፊት ጎማው ብረት ጎበጠ። እነዚህ ነገሮች የሚሠሩት መሬቱ ድሮ የያዘው፣ በዝናብና በእግር የተጠቀጠቀ ድንጋይ ሲሆን ነው። እናንተ ያፈሰሳችሁት ግን ልቅ ነው። በላዩ በፍጥነት የሚሮጥ ጎማ ድንጋዩን እንደ ወንጭፍ ያስፈነጥረዋል። እሱን የሚችል ላስቲክ እስካሁን አልተሠራም። ጭቃው ይሻል ነበር፤ ጭቃ ቢሆን ሌላ ቀን ና እንለው ነበር።

አሁን በደንብ አንብቢ። ልጅሽ ዋሽቷል። ሊነሳ ሲል ሞተር አስጮህኩ ብሏል። አንቺ ግን በመጀመሪያው ደብዳቤሽ፣ ገና ከመውረዱ ጎንበስ ብሎ ሆዷን አየ፣ ጅራቷን ዳበሰ ብለሽኛል። ጉዳቱ የደረሰው ሲነሳ ከሆነ ገና ሲያርፍ ምን ይፈልግ ነበር? ቁስሉም ያንኑ ይናገራል። ቆሞ ያስጮኸ ፓይለት ስለቱን ብቻ ነው የሚያስነክሰው፤ የዚህች ግን የጅራቷም ሆድ ነው የተወገረው፣ በሩጫ ላይ። ሥራውን ሊያጣ እየተቃረበ የሚዋሽ ሰው ከራሱ የሚበልጥበት ነገር አለው። እኔ ለፍሬዘር ከመሄዱ በፊት፣ ሜዳውን ማንም እንዳይነካው እናትህን ንገራት ብዬው ነበር። በማረፉ ዋዜማ ደውለሽለት እንደሆነ አስታውሺ። ምን እንዳልሽው፣ እሱም ምን እንዳለሽ እሱን ጠይቂው።

ኮሚቴው ኅዳር መጨረሻ ላይ ይወስናል። ከወርቃ የመጣ ቀይ ድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠና እናንተ እንዳፈሰሳችሁት ከታወቀ ልጅሽ ይመለሳል፤ ሜዳው ግን ይዘጋል። ካልመጣ ሜዳው ይቆይ ይሆናል፤ ፍሬዘር ግን በዚህ ሥራ ዳግም አይቀመጥም። ሁለቱን አንድ ላይ የማገኝልሽ መንገድ የለኝም።

ስለ መርዶው የጻፍሽውን አነበብኩ። ፈራሁልህ ያልሽውን አምኜሻለሁ። ግን አንድ ነገር አስቀርተሻል። የዚያን ዓመት ብርድ እንዳይነካት ብዬ አመድማ ሹራብ ገዝቼ በተሻለ ላክሁላት። አንቺ መለስሽልኝ። ሹራቡ ልክ ሆኗታል፣ ወዳዋለች፣ አላወልቅም ብላለች፣ ትመርቅሃለች አልሽኝ። ያን ጊዜ እናቴ ከተቀበረች ሁለት ወር አልፏታል። ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፣ አልጣሽ። አንቺ በሞተች ሴት አፍ መረቅሽኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ለሥራ ጓደኞቼ አወራሁ።

ደግነት


ወርቃ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለደግነት።

ጌታ ጤናህን ይስጥህ። ቡናው ደርሶ ሰው ሁሉ ለቀማ ላይ ነው፤ እኔም ማጠቢያ ጣቢያው ቡና የሚሰጣበት የማድረቂያ አልጋ ላይ ሴቶቹን የተበላሸ ፍሬ እያስለቀምኩ ነው የምውለው። እጄ ስለቆሳሰለ ጽሕፈቴ ካስቸገረህ በዚያው እየጠላኸኝ አንብበው።

ለፍሬዘር ደወልኩ። ስለ ኮሚቴው አልጠየቅኩትም። በዋዜማው ገረጋንቲ እያፈሰስን ነው ስልህ ለምን ዝም አልክ አልኩት። መጀመሪያ ኔትወርክ ነው ሊለኝ ሞከረ።

«ከየት ሆነሽ ነበር የደወልሽልኝ?» አለኝ በመጨረሻ።

«ከሜዳው።»

«ሴቶቹ ከኋላሽ ሲዘምሩ ይሰማኝ ነበር እማዬ። ምን ልበልሽ? የደከማችሁበትን ልቀሙት ልበልሽ?»

ጥሩ አድርጋችኋል ነበር ያለኝ ያን ዕለት። አሁን አስታወስኩት። ጥሩ አድርጋችኋል ከማለቱ በፊት ዝም ብሎ ነበር፤ እኔ ደስታ ነው ያነቀው መስሎኝ ለሴቶቹ፣ ልጄ አለቀሰ ብዬ አወራሁላቸው። ቆይቶ ደግሞ፣ ከተናገርኩ ሜዳው ይዘጋል፣ ሰው ሁሉ አንቺን ነው የሚልሽ፣ እኔ ሌላ ሥራ አላጣም አለኝ። ሌላ ሥራ አያጣም። ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ሥራ ሲያስብ አይቼው አላውቅም።

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። አዝኖልኝ ነው የዋሸኝ። እንዲህ ያለው ነገር በሰው ላይ ሲደረግ ምን እንደሚመስል አሁን አገኘሁት። በዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ እንድጽፍልህ አትጠብቅ።

በማግስቱ በኅብረቱ ስብሰባ ተነስቼ ነገርኳቸው። ሜዳውን ያበላሸነው እኛ ነን፣ ያስተባበርኩት እኔ ነኝ፣ ድንጋዩን ልልክ ነው፣ ከላክሁት ሐኪሙ ላይመጣ ይችላል አልኩ። ከዚያ ቆንጅት ጀመረች።

«ወገባችን የተቆረጠው ላንቺ ልጅ ነው። አሁን ደግሞ ሐኪም የሚቀርብን ላንቺ ልጅ ነው። አንቺ የወለድሽው ሁላችንም ምጥ እንድናምጥለት ነው እንዴ?»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ሶንጎ ላይ አዩት፤ ከዋርካው ሥር ሲመክሩ ውለው፣ ያፈሰሰ ያንሳ አሉ። ቀበሌው አካፋና ጋሪ ሰጠ። ትልቅ ትልቁን በአካፋ አነሳን፤ የቀረው ግን ከሣሩ ሥር ተወሽቋል፣ አካፋ አያወጣውም። ስለዚህ አልጋ ላይ የተበላሸ ፍሬ እንደምንለቅመው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን፣ ጎንበስ ብለን፣ አንድ ጫፍ ጀምረን እንሄዳለን። ከሥራ መልስ ነው፤ ማንም አይከፍለንም። የመጣው ሁሉ እየሰደበኝ ነው የሚለቅመው። ቆንጅት ከጎኔ ቆማ አንድ ጠጠር ባነሳች ቁጥር፣ ይሄ የፍሬዘር፣ ይሄም የፍሬዘር እያለች ቅርጫቷ ውስጥ ትጥላለች። ግን አንድም ቀን አልቀረችም። ሁልጊዜም ከጎኔ ነው የምትሰለፈው፤ ልትሰድበኝ እንዲመቻት ነው መሰለኝ።

ድንጋዩን በተሻለ ልኬልሃለሁ። ሁለት እፍኝ ነው። የተጠቀለለበትን ልብስ ታውቀዋለህ። እጅጌዎቹን አስሬ ነው ከረጢት ያደረግኩት። ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጬው ኖሬአለሁ፤ ለሰው ልስጠው ብል እጄ እምቢ አለኝ፣ ልመልስልህ ብል ምን ብዬ። አክስቴ ለብሳው አታውቅም። አሁን ያልኩህ እውነት ነው፤ ያኔ ያልኩህ ውሸት ነው።

ለኮሚቴውም በተናጠል ጽፌአለሁ፤ ያፈሰስነው እኛ ነን፣ ልጄ አላዘዘንም ብዬ። ይቅርታ አልጠየቅኩህም፤ አንተም የልጄን ስም ከነወረቀቱ እስክታጸዳ ድረስ አልጠይቅህም።

አልጣሽ


ናይሮቢ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአልጣሽ።

ለቤተሰቡ ሁሉ ጤና ይስጥልኝ።

ድንጋዩ ከጅራቷ ሥር ካወጣሁት ጋር አንድ ነው። ኮሚቴው ፍሬዘርን ስለ መዋሸቱ በጽሑፍ ገስጾት ወደ በረራ መልሶታል። የእኔም ወረቀት ተስተካክሏል። ትናንት ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ፕሮፔለሩን በጣቱ ሲዳብስ አየሁት፤ ሰላም አልተባባልንም። ከዋሸኝ ወዲህ እኔ ለእሱ የምናገረው ስለ ብረት ብቻ ነው። እሱም ያንን ያውቃል፤ ይሻሻል ይሆናል።

ወርቃ ሜዳ ከዝርዝሩ ተሰርዟል። የሕክምና ቡድኑ ግን ለመነ። ሰው ሄዶ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ ረግጦ፣ ልቅ ድንጋይ የለም ብሎ ከፈረመ እንደገና ይከፈታል ተባለ። አገሩን የምታውቀው አንተ ነህ ብለው እኔን ጠየቁኝ። እምቢ አልኩ። ደግመው ጠየቁኝ። የካቲት አጋማሽ ላይ እመጣለሁ፤ በመኪና ነው የምመጣው፣ ባልረገጥኩት ሜዳ ላይ አላርፍም። የምመጣው ለሜዳው ነው። አንድ ልቅ ድንጋይ ካገኘሁ ሳልፈርም እመለሳለሁ፤ ለአንቺም ብዬ አልፈርምም፣ ለቆንጅትም። ማንም ምንም እንዳያዘጋጅ። ዳስ የለም፣ አበባ የለም፣ ቄጠማ እንኳ መሬት ላይ እንዳይወድቅ።

ሹራቡ ደርሶኛል። የዋጋው ወረቀት አንገቱ ላይ እንዳለ ነው።

በደብዳቤ ይቅር አልልሽም፤ በስልክም። መጥቼም እንደምልሽ አላውቅም። እኔ የቀረብኝ ግን አንድ ነገር ነው። መርዶዬን እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም። ተሻለ አመለጠው እንጂ አልነገረኝም። በግራ በቀኜ የቆመልኝ የለም። ስለዚህ እንዳልሰማ ሆኜ ነው የምመጣው። ምን ማድረግ እንዳለብሽ ከእኔ የተሻለ ታውቂያለሽ።

ደግነት


ወርቃ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለደግነት።

መንገዱን ጌታ ያለስልስልህ። ሜዳው ባዶ ነው። ትናንት ልጆች በባዶ እግራቸው ሮጠውበት አንድም አላነከሰ። ቆንጅት እሱ ድንጋይ ካገኘ እኔ እበላዋለሁ ብላለች፤ እንዳታገኝ የምጸልየው ለሜዳው ብቻ አይደለም።

ስትመጣ ዘነበ ይቀበልሃል። እኔ አልመጣም፤ ፊቴን አይተህ ታውቅብኛለህ። የምታድረው እኛ ቤት ነው፣ እኔ ቆንጅት ጋር አድራለሁ። እራትህን በደንብ ብላ፤ ቆጮው በምትወደው ጎመን ነው የሚቀርብልህ። ስለ ቡናው ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አውሮፕላን ያወሩሃል። ስለ ሌላ ነገር ማንም ቃል አያነሳብህም፤ ለሁሉም ተናግሬአለሁ።

ሳይነጋ በሩ ይንኳኳል። ሰው ይበዛል፣ አትደንግጥ። ፓስተር ጎሹ በቀኝህ፣ ዘነበ በግራህ ይቆማሉ። የምናገረው እኔ ነኝ። ከዚያ አብረን መቃብሩ ድረስ እንሄዳለን። በማግስቱ ሜዳህን ትረግጣለህ፤ እኔና አንተም የቀረንን ጥል እናወራርዳለን፣ አልረሳሁትም።

እስከዚያች ንጋት ድረስ ግን ሁላችንም ደህና ነን።

አልጣሽ